ለእማማ እንዳትነግሪ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ8 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። የምትማረው የካቶሊክ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ነው። ቦታውን ያገኘሁት ሌሊት 10 ሰዓት ወጥቼ ተሰልፌ ነው። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ትምህርት ቤቱን የመረጥኩት በትምህርቱና በሥርዓቱ እንጂ ለሃይማኖቱ ብዬ አይደለም።

አማቴ ከቋራጣ መጥተው እኛ ጋ ከርመዋል። አንድ ማታ ልጅቷ አልጋዋ ሥር ተንበርክካ፣ መዳፎቿን አጋጥማ ስትጸልይ አዩዋት። ስትጨርስ በተዘረጋ መዳፏ አማተበች። አማቴ የቀረበላቸውን እራት ትተው ተነሡ። ‹ልጄን ለፈረንጅ ሃይማኖት ሰጣችኋት› አሉ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር በደንብ አይነጋገሩም። ያልተማሩ ስለሆኑ ላስረዳቸው አልቻልኩም። ባለቤቴ ‹ተያቸው፣ ያልፍላቸዋል› ብሎ ዝም አለ። እኔም ቤቱ ሰላም እንዲሆን ብዬ ልጄን ‹ትምህርት ቤት የምትጸልዩትን ለእማማ እንዳትነግሪ› አልኳት። አሁን ሲጠይቋት ‹አልጸለይንም› ትላለች።

ልጄ ጎበዝ ናት፣ ትምህርት ቤቷን ትወዳለች። ላስወጣት ወይስ ልተዋት? ደግሞ ትናንት ‹እማዬ፣ የሲስተር እግዚአብሔርና የእማማ እግዚአብሔር አንድ ናቸው?› አለችኝ። ምን ልበላት?

የጨነቃት እናት፣ ከሽምብጥ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ የሄደው «ላስወጣት ወይስ ልተዋት» የሚለው ላይ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን መሀል ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት አንዲት ነገር ያዘችኝ። ለእማማ እንዳትነግሪ ያልሻት። እሷን ኋላ እመጣባታለሁ፤ እንደ እኔ የደብዳቤሽ ዋና ነገር እሷ ናት።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አታስወጫት። በዓመቱ መሀል፣ በአንድ ማታ ጸሎት ምክንያት አታስወጫት። በእኛ ክልል ባለፉት ዓመታት ስንቱ ልጅ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ቤት እንደዋለ አንቺም ታውቂያለሽ። የምትቀመጥበት ወንበር ያላት፣ ጠዋት ስትነሣ ትምህርት ቤት መሄድ የምትፈልግ ልጅ ይዘሽ ወንበሩን ለመልቀቅ አትቸኩዪ።

እማማን ግን እንዳትንቂብኝ። ያልተማሩ ያልሻቸው ሴትዮ የቋራጣ ሰው ናቸው። ቋራጣ ማለት የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አገር ነው። እሳቸው ፊደል ባይቆጥሩም የእሷን ታሪክ ከእናታቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ሰምተውታል። አንቺ ምናልባት በታሪክ ትምህርት ለፈተና አጥንተሽ ረስተሽው ይሆናል፤ ስለዚህ በአጭሩ ላስታውስሽ።

አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ሲያውጁ አገር ተናወጠ። ንጉሡን ያሳመኑት ኢየሱሳውያን ሚስዮኖች የሰፈሩት ሩቅ አልነበረም፤ እዚሁ ጣና ላይ፣ ጎርጎራ ነው። ዋናው ሰውዬ ፔድሮ ፓኤዝም የሞተው እዚያው ጎርጎራ በዚያው ዓመት ነው። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ የድንጋይ ግንብም የእሱ ሥራ ነው ይባላል። ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ ነበረች፤ ባሏም የንጉሡ ሹም ነበር። ትዳሯን ትታ መነኮሰች። የንጉሡን ሃይማኖት አልቀበልም ብላ ተከራከረች፣ ተጋዘች፣ ተመለሰች፣ ሐይቁ ዳር ማኅበር መሥርታ ኖረች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር 17 ትታሰባለች። ከዚያ በፊት፣ በ1632፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» የሚባለው ያኔ ነው።

እንግዲህ የእማማ ድንጋጤ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። አንቺ አንዲት ልጅ ስትጸልይ አየሽ። እሳቸው ደግሞ ከዚያች ልጅ ኋላ ሱስንዮስንና ጎርጎራን አዩ። እራት ትቶ መነሣት ሲያንሳቸው ነው።

ይሁንና የያኔው ነገርና የልጅሽ ሁለተኛ ክፍል አንድ አይደሉም። ያኔ ያስገደደው ንጉሥ ነው። አሁን ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተሽ፣ ጋቢ ተከናንበሽ በሩ ላይ የተሰለፍሽው አንቺ ነሽ። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

«የፈረንጅ ሃይማኖት» የሚለውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካህናት አሏቸው። ገናን እንደኛው ታኅሣሥ 29 ነው የሚያከብሩት። በ2007 ዓ.ም. የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ተብሎ ራሱን ችሎ ሲቋቋም የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ። ደግሞ በቁጥር ጥቂት ናቸው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከመላው የአገሪቱ ሕዝብ ካቶሊኩ 0.7 በመቶ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለካቶሊክ ልጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግማሹ ክፍል ባዶ በሆነ ነበር። አንድ ቀን ሲለቀቁ በሩ ላይ ቁሚና እይ። የአብዛኞቹ አንገት ላይ ማተብ አለ። መሀል መሀል ሂጃብ ያደረጉ ልጆች ታያለሽ።

ልዩነት የለም ብዬ ግን አላታልልሽም። እ.ኤ.አ. በ451 ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ ተለያይተናል። የሮማው ፓፓ ሥልጣን አለ። ጾሙ አለ። ይሄ የ8 ዓመት ልጅ ጉዳይ ባይሆንም ቀልድ አይደለም። «ሁሉም አንድ ነው፣ ምን ያካብዳሉ» ብለሽ እማማ ፊት እንዳትናገሪ። ለእሳቸው አንድ አይደለም።

አሁን ያዩትን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። መንበርከክ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እማማ ራሳቸው በዓቢይ ጾም ስንቴ እየወደቁ እንደሚነሡ ታውቂያለሽ። ማማተቡም መንገዱ ያው ነው። ከግንባር ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ። የተለየው ጣቱ ነው። እኛ ጣታችንን አመሳቅለን ነው፣ እሷ መዳፏን ዘርግታ። እማማን ያስደነገጣቸው ያ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሰው ሲያማትብ ቀድሜ የማየው ጣቱን ነው። ለማርያም የምታቀርበው ጸሎትም ቢሆን የሚነሣው ቅዱስ ገብርኤል ካቀረበላት ሰላምታ ነው፤ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ያለው። እማማ በየማታው የሚደግሙት «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ»ም የተነሣው ከዚያው ነው። መቁጠሪያቸውንም አስቢው። የእማማ 41 ወይም 64 ፍሬ ይኖረዋል። የሲስተሮቹ በአሥር በአሥር ነው የሚቆጠረው። አቆጣጠሩ ይለያይ እንጂ ፍሬ እየገፉ መጸለዩ ለሁለቱም የተለመደ ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልምጣ።

እኔም ሲስተሮች ያስተማሩኝ ነኝ። የት እንደሆነ ልተወው። ስለዚህ አድልዎ እንዳለብኝ ቀድመሽ እወቂ። በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለና አጭር ጸሎት ከተደረገ በኋላ እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን። ጥፍር ይታያል። መሀረብ ይጠየቃል። መሀረብ የሌለው ከደብተሩ መሀል ወረቀት ገንጥሎ፣ በአራት አጥፎ ኪሱ ይከትና ጫፉን ብቻ አሳይቶ ያልፋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለፍኩት በወረቀት መሀረብ ነው። ሲስተሯ ያውቁ ነበር። አንድ ቀን ጫፉን ሳብ አድርገው አወጡትና ከኋላው የተጻፈውን የመደመር ሒሳብ አይተው «ይህ መሀረብ ሁለት ስህተት አለበት» ብለው መለሱልኝ።

የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ለብቻው ሃይማኖት ነበር። አንዲት ፊደል ከመስመር ከወጣች ገጹ በሙሉ ይደገማል። እንባዬ ጠብ ብሎበት ቀለሙ የፈሰሰበትን ገጽ ሦስተኛ ጊዜ የገለበጥኩበትን ቀን አልረሳውም። ዛሬ የሰፈራችን ዕድር ደብዳቤ መጻፍ ሲፈልግ በሬን የሚያንኳኳው በዚያ ምክንያት ነው። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ታዲያ እናቴም እንዳንቺ ነበረች። አያቴ ደብር የሚሳለሙ፣ ሰኔል ላይ የሚተኙ ጥብቅ ሰው ናቸው። እናቴ ትምህርት ቤት ባስገባችኝ ሳምንት «እዚያ የምትዘምሩትን ለአያትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ልጅ እሺ ይላል።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አንድ መምህር መጣ። ሲስተር አይደለም፤ ተቀጥሮ የሚያስተምር ሰው ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ የተሳሳተን ልጅ ጣቶቹን ሰብስቦ እንዲያቀርብ ያደርግና ጫፍ ጫፋቸውን በማስመሪያ ጠርዝ ይመታል። እኔ 7 ሲባዛ በ8 አልገባ ብሎኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚጠይቀን። ከየካቲት እስከ ሰኔ ሐሙስን እየፈራሁ ኖርኩ። አንድ ጊዜ የቀለበት ጣቴ አብጦ እናቴ አየችና ደነገጠች። «በር ዘጋሁበት» አልኳት። ቅቤ ቀባችልኝ፣ በሩን ረገመችው።

ለምን አልነገርኳትም? መምህሩ አላስፈራራኝም። ለማንም እንዳትነግሩ ያለን ሰው የለም። የትምህርት ቤት ነገር እቤት እንደማይወራ ቀድሞ ተነግሮኝ ነበር፤ በቃ። እናቴ የተናገረችው ስለ መዝሙር ነው። እኔ ግን መዝሙሩንና ማስመሪያውን ለይቼ የማስቀምጥበት ሁለት መሳቢያ አልነበረኝም። እናቴ ይህን ያወቀችው እኔ ካገባሁ በኋላ ነው። ቡና እየተጠጣ እንደ ቀልድ አወራሁላት። ሲኒዋን አስቀምጣ ተነሥታ ወጣች። ጓሮ ሄጄ ሳያት ታለቅስ ነበር።

እህቴ፣ ልጅሽ ያለችበት ትምህርት ቤት እንዲህ ነው እያልኩሽ አይደለም። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከደብዳቤሽም የሚመስለው እንደዚያ ነው። ልጅ በትምህርት ቤት እንዳይመታ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። ግን አንቀጹ የሚሠራው ልጅቷ እቤት ገብታ «ዛሬ እንዲህ ሆነ» ስትል ነው። አንቺ ደግሞ በደግ ልብ ያን አፍ ዘጋሽው። «አልጸለይንም» ብላ እማማን የዋሸች ልጅ ነገ አንቺን «በር ዘጋሁበት» ልትልሽ ትችላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን ፍቺው። ከባልሽም፣ ከእማማም፣ ከሲስተሯም በፊት። ተቀመጪ ብለሽ ስብከት አትጀምሪ። ጸጉሯን ስትሠሪያት አውሪያት። ልጅ ሹሩባ ስትሠራ ፊትሽን አታይም፤ ጉልበትሽ መሀል ቁጭ ብላ ግድግዳ እያየች ስለሆነ ማውራት ይቀላታል። «ያን ቀን ለእማማ እንዳትነግሪ ያልኩሽ ልክ አልነበርኩም» በያት። «ትምህርት ቤት የሆነውን ሁሉ ለእኔም፣ ለአባትሽም፣ ለእማማም መናገር ትችያለሽ። እማማ ቢቆጡ የሚቆጡት በእኔ ነው፣ በአንቺ አይደለም።» ከዚያ ዝም በይና ሹሩባሽን ቀጥዪ። የምትናገረው ካለ ትናገራለች። ከሌለም የሹሩባው ጊዜ ነገም አለ። «ዋሽተሻል» ብለሽ ግን እንዳትቆጫት። ያዘዝሻትን ነው የፈጸመችው።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። ርዕሰ መምህርቷን በአካል አግኝተሽ አነጋግሪ። ኮሙኒኬሽን ደብተር ላይ ጽፈሽ አትላኪ፤ ያን ደብተር ይዛ የምትሄደው ልጅቷ ናት፣ ማንበብ ደግሞ ትችላለች። ስትገቢ በቁጣ አትግቢ። የጠዋቱ ጸሎት ለሁሉም ግዴታ ነው ወይ? ዝም ብላ መቆም የምትፈልግ ልጅ መቆም ትችላለች? ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለው ለካቶሊክ ልጆች ብቻ ነው ወይስ ልጄም ትገባለች? መንበርከኩን ያስተማራት ማነው፣ ወይስ ጓደኞቿን አይታ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሺ። የ8 ዓመት ልጅ ያየችውን ሁሉ ትሞክራለች። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ እንደ ባጃጅ ሹፌር አንድ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ነበር እራቱን የሚበላው።

መብትሽን ማወቅ ከፈለግሽ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ልጅሽን በራስሽ እምነት የማሳደግ መብት ሰጥቶሻል። አንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ሲስተሯም ቢሆኑ ከራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ነገር አለባቸው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ ልጆች ምን ዓይነት የሃይማኖት ትምህርት ያግኙ የሚለውን የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ወላጅ የማያምንበትን ትምህርት ልጅ እንዲከታተል ማስገደድም መብት መጣስ ነው ይላል። ይህን ሁሉ ግን በልብሽ ያዢው። አንቀጽ እየጠቀስሽ አትግቢ። ወንበር ይሰጡሻል፣ ምናልባት ሻይም ይሉሻል፤ ጠጪ። እኔ በማውቀው ሲስተሮች ቀጥ ያለ ጥያቄ ይወዳሉ፣ ቀጥ ያለ መልስም ይሰጣሉ። ግልጽ መልስ ካገኘሽ ነገሩ እዚያው አለቀ። ካድበሰበሱብሽ፣ ወይም ልጅሽን «የእናትሽ ሃይማኖት ስህተት ነው» ያላት ሰው እንዳለ ካወቅሽ፣ ያኔ የማስወጣቱን ነገር አብረን እናስበዋለን። በመጀመሪያው ቀን ግን አይደለም።

ባልሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። «ያልፍላቸዋል» ያላቸው ሴትዮ የእሱ እናት ናቸው። ያንቺ ቃል «ምራቴ መለሰችልኝ» ተብሎ ቋራጣ ድረስ ይሄዳል። እሱ ሲናገር ግን ከእናት ጋር መጨዋወት ነው። አንድ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ ትምህርት ቤቱን የመረጥነው ሁለታችን ነን» ይበላቸው። ሁለታችን የምትለዋ ቃል እንዳትቀር። አሁን እሳቸው እንደሚያስቡት ልጅቷን ካቶሊክ ጋ የወሰድሻት አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ እሱ ደግሞ በዝምታው ይህንኑ እያጸናላቸው ነው።

እማማን አንቺ አትከራከሪያቸው። ሥራ ስጫቸው። ልጅቷ የማታ ጸሎቷን ከእሳቸው ጋር ታድርግ። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል»ን ያስተምሯት፣ ጣቷን ያመሳቅሉላት። 7 ዓመት ካለፋት ጾምም እየለመደች ነው፤ የረቡዕና የዓርብ ምሳ ዕቃዋን እሳቸው ይያዙላት። ሽሮውን ወፈር አድርገው፣ ከእንጀራው ጋር ጠቅልለው ሲያዘጋጁ ታያቸዋለሽ። ሳምንት ሳይሞላ «የኔ ሽሮ ተበልቶ አለቀ ወይስ ተመለሰ?» ብለው ሲጠይቋት ትሰሚያለሽ። ልጅቷም ምሳ ዕቃውን ስትከፍት ትምህርት ቤቷ ውስጥ የእማማ እጅ አለ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ደግሞ ሰፈራችሁ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ይውሰዷት። ኅዳር ሲደርስ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ጀልባ ተሳፍራችሁ ቋራጣ ይዘዋት ይሂዱ። የወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ከታሪኩ ባለቤቶች አፍ ትስማ። ይህን የማያውቅ የባሕር ዳር ልጅ ሞልቷል፤ ኦርቶዶክስ ትምህርት ቤት የሚማረውም ጭምር።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ልጅቷን ራሳቸው ሄደው ይቀበሏት። አንቺ አትከተያቸው። ያን የማተብ መዓት በዓይናቸው ይዩት። ሲስተሯም ከበሩ ቆመው ከሆነ ዝቅ ብለው «እንደምን ዋሉ እናቴ» ማለታቸው አይቀርም። ከዚህ የሚመጣውን አላውቅም። ሊቀየሙ ይችላሉ፣ ሊቀልላቸውም ይችላል። ቢያንስ በሐሳባቸው ያለውን ጎርጎራ ትተው በሩ ላይ ያለውን ትምህርት ቤት ያያሉ።

ልጅሽ ሁለት ዓይነት ማማተብ ብታውቅ ምንም አትሆንም። ትምህርት ቤት በመዳፏ፣ ቤት በጣቷ። ልጆች ለአያታቸው በአንድ ቋንቋ፣ ለጓደኞቻቸው በሌላ እያወሩ ሳይደናገሩ ያድጋሉ። ልጅን የሚከብደው የትኛውን የት መደበቅ እንዳለበት ማስታወስ ነው።

ስለ እግዚአብሔር የጠየቀችሽን ደግሞ አንቺ አትመልሺላት። «አንድ ነው» ብትያት እማማ ፊት ታስይዣታለሽ፤ «አይደለም» ብትያት ነገ ትምህርት ቤት እየፈራች ትሄዳለች። «ጎበዝ፣ ይሄን እማማን ጠይቂያቸው» በያት። እንዳትነግሪ የተባለችውን ሰው ሄዳ ትጠይቅ። ዛሬ ማታ፣ እማማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሳሉ። ነገ ደግሞ ሲስተርን ትጠይቅ።

የእማማን መልስ ግን ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝ። በጣም ጓጉቻለሁ።